የማስወንጨፊያው ሒሳብና የአብራሪው ጆሮ

በኮምፒዩተር ላይ በረራን ከሚያስመስሉት ፕሮግራሞች መካከል ማንም በነጻ የሚያገኘው ፍላይትጊርና፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. «ሱፐርካሪየር» የተባለው ተጨማሪ ክፍል የወጣለት ዲሲኤስ፣ አይሮፕላን ከተሸካሚ መርከብ ላይ ተወንጭፎ ሲነሣ ያሳያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራሞቹ ይህን ነገር ምን ያህል እንደሚያስተምሩ መመርመር ነው።

አስቀድመን የሚመሰለውን ነገር እንመልከት። የእንፋሎቱን ማስወንጨፊያ የፈለሰፈው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኰንን ኮሊን ሚቸል ነው፤ በመርከብ ላይ የተሞከረውም ከ1950 ጀምሮ «ፐርሲየስ» በተባለችው መርከብ ነው። ከመርከቡ ወለል በታች በተዘረጉ ሁለት ረዣዥም ሲሊንደሮች ውስጥ እንፋሎት ፒስተኖችን ይገፋል፤ ከፒስተኖቹ ጋራ የተያያዘው መጎተቻም አይሮፕላኑን ይስባል። እንደ «ኒሚትዝ» ባሉት የአሜሪካ መርከቦች ላይ የሩጫው ርዝመት 94 ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላኑ በዚህ ርቀት ውስጥ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ካገኘ፣ ጊዜው 2.5 ሰከንድ ይሆናል፤ አብራሪውን ከወንበሩ ጋራ የሚያጣብቀው ግፊትም የመሬት ስበት 3 እጥፍ ነው።

ፕሮግራሞቹ ይህን ሒሳብ አሳምረው ይሠሩታል። ፍጥነቱ በመለኪያው ላይ ሲወጣ ይታያል፤ በዲሲኤስ ዘንድ የመርከቡ ሠራተኞች በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ፤ ተጫዋቹም ሰላምታ ሰጥቶ ይወነጨፋል። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ሥርዐቱ ተሟልቶ ሳለ የሥርዐቱ ምክንያት ጎድሏል።

ምክንያቱ ያለው በጆሮ ውስጥ ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቁት የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን ጠጠሮች የስበትን ኃይልና የግፊትን ኃይል ለይተው አያውቁም። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወደ ፊት ሲወነጨፍ አብራሪው አፍንጫው ወደ ሰማይ የተቃና ይመስለዋል። በጨለማ ሌሊት፣ አድማስ በማይታይበት ሰዓት፣ ይህን ስሜት አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች የገፋ አብራሪ ወደ ባሕር ይገባል፤ እንዲህ ያለ አደጋም በእውነት ደርሷል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረታችን ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ አብራሪ ቃል በቃል ይሠራል።

በኤፍ/ኤ-18 አይሮፕላን ላይ አብራሪው በሚወነጨፍበት ጊዜ ቀኝ እጁን ከመሪው ዱላ አንሥቶ ከፊቱ ያለውን መያዣ ይጨብጣል፤ አፍንጫውን የሚያቃናው ኮምፒዩተሩ ነው። በቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጫዋች ግን አካሉ ምንም ስላልተሰማው፣ እጅን ማንሣት ለእርሱ ከሰላምታው የማይለይ ወግ ብቻ ይሆንበታል። ዓይኑ የሚያየውን ማመን ይለምዳል እንጂ አካሉ የሚነግረውን መጠርጠር አይማርም።

«ይህ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም፤ ወንበሩ ካልተንቀሳቀሰ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ወንበሩም ቢንቀሳቀስ ችግሩ አይፈታም ነው። በማሠልጠኛ ቤቶች ያሉት ተንቀሳቃሽ መድረኮች የግፊትን ስሜት የሚያቆዩት ተቀማጩን ወደ ኋላ በማዘንበል ነው። 30 ዲግሪ ቢያዘነብሉት የሚያገኘው ግፊት የስበትን ግማሽ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሚፈለገው አንድ ስድስተኛው ነው።

ሆኖም ጉድለቱን መሙላት ባይቻል መግለጥ ይቻላል። ፕሮግራሙ የግፊቱን መጠን በየቅጽበቱ ስለሚያውቅ፣ ጆሮ «ላይ» ብሎ የሚያመለክተው አቅጣጫ ወዴት እንደሚያዘነብል አስልቶ በሰው ሠራሹ አድማስ አጠገብ በአንዲት ቀስት ሊያሳይ ይችላል። በሒሳብ ብቻ ከሄድን 3 እጥፍ ግፊት ቀስቷን ወደ 72 ዲግሪ ያዘነብላታል። የሰው ስሜት በዚያ አጭር ጊዜ ይህን ሁሉ ባይደርስም፣ ተማሪው መለኪያውና ጆሮው ምን ያህል እንደሚጣሉ በዓይኑ ያያል።

እኛም በቤተ ሙከራችን ምሳሌ እየሠራን የምንማር ነን። ምሳሌ ሁሉ አንድ ነገር መተዉ ግድ ነው፤ ስለዚህ ሊነቀፍ አይገባም። የሚነቀፈው የተወውን ሳይናገር «እውነተኛውን ይመስላል» ተብሎ ሲቀርብ ነው፤ የተማረበት ሰው የጎደለውን ነገር የሚያውቀው በሌሊት ከባሕር በላይ ሲሆን ነውና።