«በርህን ዘግተህ አጥና» የሚለው ምክራችን ሲመረመር

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ በየቤታችን አንድ ዓይነት ምክር ይሰማል። ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመርቅና «በርህን ዘግተህ አጥና፣ ጓደኛ አታብዛ፣ እንዳታሳፍረን» ይለዋል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ከመሐንዲስነት ሥራዬ ጎን ለጎን የወገኖቻችንን ልጆች ካልኩለስ ሳስጠና ካየሁት ተነስቼ ስናገር፣ ምክሩ ራሱ መመርመር ያለበት ይመስለኛል።

ዩሪ ትራይስማን የተባሉ የሒሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ የሚወድቁት ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የመምህራኑ ግምት የተለመደው ነበር፦ የፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማጣት፣ ድህነት። ትራይስማን ግን ሃያ ያህል ጥቁሮችንና ሃያ ያህል ትውልደ ቻይና ተማሪዎችን አጠናናቸውን በቅርብ ሲከታተሉ ግምቱ ሁሉ ፈረሰ። ጥቁሮቹ ትጉሃን ነበሩ። በሳምንት አጥኑ የተባሉትን ስምንት ሰዓት ያጠናሉ፣ የቤት ሥራቸውን ያስረክባሉ፤ ግን ብቻቸውን። ትውልደ ቻይናዎቹም አስቀድመው ለየብቻቸው ይሠራሉ፤ ማታ ግን ተሰብስበው መልስ ያስተያያሉ፣ ይተራረማሉ፣ ይፈታተናሉ። ብቻውን የሚለፋው ተማሪ የት ላይ እንደሳተ የሚነግረው አልነበረም። ትራይስማን ከዚህ ተነስተው ተማሪዎቹ ከባድ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበት ፕሮግራም ሲያቋቁሙ ውጤቱ ተሻሻለ። ታዲያ የእኛ ምክር ልጁን የሚገፋው ወደየትኛው ወገን ነው?

ሌላው ምክራችን «ደጋግመህ አንብብ» የሚለው ነው። በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንንም ይፈትናል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ፣ ሌሎቹ 61 በመቶ አስታወሱ። ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ማወቃችን የሚታየው መጽሐፉ ሲዘጋ ነው። ዛሬ መልሱ ሁሉ ከስልክ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ይህ ማታለያ በርትቷል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን «እንዳታሳፍረን» የምትለዋ ቃል ናት። በአሜሪካ ኮሌጅ መምህሩ በየሳምንቱ ለተማሪ ጥያቄ ብሎ ቢሮው የሚቀመጥበት ሰዓት አለ። የእኛ ልጆች ግን መጠየቅ አለማወቅን ማጋለጥ ስለሚመስላቸው ወደዚያ አይሄዱም። ካልኩለስ ወድቆ ከምህንድስና ከወጣ በኋላ ለወላጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይናገር የቆየ ልጅ አውቃለሁ። እነሱ ለዘመድ «ልጃችን ኢንጂነር ሊሆን ነው» ይሉ ነበር። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ልጆቹን እንዳይጠይቁ አድርጎ ማሳደጉ አይገርምም?

የሚያሳዝነው ይህ ዘዴ ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ያወጣውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ እዚያው ይታረማል፤ የበረታው ደግሞ ጀማሪውን ያስተምራል። ብቻ መሥራት፣ ከቃል ማውጣት፣ በሰው ፊት መታረም፤ ሦስቱም እዚያ አሉ። እኛ ግን ወደ ፈረንጅ አገር ስንመጣ ይዘን የቀረነው ሽምደዳውን ብቻ ነው።

«በቡድን ማጥናት ወሬ ይሆናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ይሞክር፤ ያቃተውን ይዞ ይምጣ፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ማታ ማታ ፓርኪንግ ወይም ሱቅ እየሠራ ለሚማረው ልጅ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ አንዲት ስህተት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያባክነው ጊዜ የለውምና።

እንግዲህ በሚመጣው ነሐሴ ምርቃቱ ይቅር አልልም። ከምርቃቱ በኋላ ግን «በርህን ዝጋ» ማለቱን ትተን «ከማን ጋር ነው የምታጠናው? ሲያቅትህስ ማንን ትጠይቃለህ?» እንበለው። ቢወድቅም መጀመሪያ የሚነግረው ለእኛ እንዲሆን እናድርግ።

ቸር ይግጠመን።