ጎጃም ያልደረሰው ባንክ

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ተዘጋ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው ባንክ በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ነው፤ ይህ መታሰቢያ ለፊተኛው ነው።

ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል፣ በ500,000 ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመ። ሥራውን የጀመረው በራስ መኮንን ቤት ሲሆን በ1902 ዓ.ም. ወደ ራሱ ሕንፃ ገባ። ቆየት ብሎም የወረቀት ብር አሳተመ።

የዚያን ወረቀት ዋጋ ለማወቅ የጎጃምን ነጋዴ ማሰብ ይበቃል። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ 1,000 ብር የያዘ ሰው 28 ኪሎ ብር በበቅሎ ጭኖ ነው የሚጓዘው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን ቁልቁል ይወርዳል፤ በረሃውን አቋርጦ፣ ሽፍታ እየፈራ ዐባይን ይሻገራል። ክረምት ከሆነ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። ገበያ ሲደርስም እያንዳንዱ ጠገራ ይገላበጣል፤ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ነጥቦቹ ተፍቀው እንደሆነ በጣት ይዳሰሳል። የተፋቀውን ሻጩ አይቀበልም።

ባንኩ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬ፣ ደሴና ጋምቤላ ድረስ ዘልቋል። በአመዛኙ ቡናውንና ባቡሩን ተከትሎ ነው የሄደው። የባሶን ገበያ የሚያህል ገበያ የነበረው ጎጃም ግን ቅርንጫፍ አልተከፈተለትም። አባቶቻችን ሸክሙን እንደተሸከሙ ቀሩ። ይህ ሲታሰበኝ ዛሬም ይቆጨኛል።

መዘጋቱን ግን አልነቅፍም። ገንዘቡን በባዕድ ድርጅት የሚያሳትም መንግሥት ሙሉ ነጻነት አለኝ ሊል አይችልም። ቀዳማዊ አጼ ኃይለ ሥላሴ ውሉ ከሚያልቅበት ቀን አስቀድመው አፍርሰው በኢትዮጵያ ባንክ ተኩት፤ እሱንም ፋሽስት በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አጠፋው። ዛሬ ባንክ የሌለበት ከተማ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ መንገዱን የጠረገውን ማመስገን ይገባል።

በደብረ ማርቆስ፣ በየጁቤና በደጀን ላላችሁ ቤተሰቦች አንድ ልመና አለኝ። ከአያት የተረፈ የዚያ ዘመን የወረቀት ብር ወይም የንግድ ደብዳቤ በሣጥናችሁ ካለ አትጣሉት። ጠገራውንም ለአንጥረኛ ሰጥታችሁ አታስቀልጡት። ከማን እንደመጣ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም አሳዩልን።