የመምህራን አሠልጣኞች ምርምር ለማን ይጻፋል?

(ጭሮንና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችን መነሻ ያደረገ ሂሳዊ አስተያየት)

ስለ ትምህርት ጥራት በሚነሣው ውይይት ሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ነው። ዝግጅቱ አነስተኛ ነው፣ ዘዴው ያረጀ ነው፣ ተማሪውን አያሳትፍም ይባላል። ይሁን እንጂ ይህን መምህር ያስተማረው መምህር ማን እንደ ሆነ፣ እርሱስ ሙያውን በምን መንገድ እንደሚያዳብርና የሚያካሂደው ጥናት ለማን እንደሚደርስ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመምህራን አሠልጣኞችን ሙያ ለማዳበር የተደረገውን ጥረት መመርመር፣ በጎውን በበጎነቱ ተቀብሎ ጉድለቱን ማመልከትና የሚታረምበትን መንገድ መጠቆም ነው።

የጉዳዩ አመጣጥ

በአገራችን ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀምሮ፣ ከዚያ በኋላ ሐረርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ከጨርጨር አውራጃ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ለረጅም ዘመን ፊቱን ወደ ሐረር ማዞር ነበረበት። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም በዚችው ከተማ ይገኛል። ሥልጠናው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ቀርቧል። የሥልጠናው ዕውቀትስ በዚያው መጠን ቀርቧልን? ጥያቄው ይህ ነው።

በማሠልጠኛ ተቋማት ያስተምሩ ከነበሩት አብዛኞቹ በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ የያዙ፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ነበሩ። ትምህርታቸውን ያውቃሉ፤ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ፊደል እንዴት እንደሚለይ ግን በሥራ ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙ ያወቀ ሰው ትንሹን ለማስተማር አይቸገርም ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር፣ ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም።

የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ያበረከተው

የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያው (ቴሶ) ይህን አስተሳሰብ ነቀፈ። ማሻሻያውን ተከትሎ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አሠልጣኙን ራሱን እንደ ተማሪ ቆጥሮ ተነሣ። አሠልጣኞች በየተቋማቸው በቡድን እየተሰበሰቡ የራሳቸውን አሠራር እንዲመረምሩ፣ አሳታፊ ዘዴንና ተከታታይ ምዘናን እንዲለማመዱ፣ ወደ ትምህርት ቤት ወጥተው እንዲመለከቱ፣ የተግባር ምርምር እንዲያካሂዱና ሥራቸውን በፖርትፎሊዮ እንዲያደራጁ አደረገ። ይህ ቀላል አስተዋጽኦ አይደለም። «እኔ አስተማርሁ፤ ተማሪው ተማረን?» ብሎ መጠየቅ ለአሠልጣኙ የሙያ ግዴታ የሆነው በዚህ ፕሮግራም ነው።

ሆኖም ፕሮግራሙ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። የተግባር ምርምር ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ስም ከሰጠው ጀምሮ፣ በኋላም በእንግሊዝ አገር ሎሬንስ ስቴንሃውስ ለመምህራን ካስተዋወቀው ወዲህ፣ መሠረቱ አንድ ነው፤ ችግሩ ያለበት ሰው ችግሩን ራሱ ይመርምር፣ አሠራሩንም ይለውጥ የሚል ነው። አሠልጣኙ በዚህ መሠረት ሲሄድ የሚመረምረው የራሱን ክፍል ነው፤ የራሱ ክፍል ደግሞ የኮሌጅ ክፍል ነው። ሠልጣኞች በቡድን ሥራ ለምን አይሳተፉም፣ የቤት ሥራ ለምን ይዘገያል የሚለውን አጥንቶ መፍትሔ ቢያገኝ ለኮሌጁ ይጠቅማል። በገለምሶ ወይም በሚኤሶ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕፃን ግን ከዚህ ምርምር ገና ሩቅ ነው። ጥናቱም የምስክር ወረቀት ካስገኘ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለስ የሚያስገድደው ነገር ከሌለ፣ መጨረሻው መደርደሪያ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

ርቀቱን የሚያሰፋው ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ የአሠልጣኙ ንባብና የምርምር ጽሑፍ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ገልጧል፤ መምህራን በእንግሊዝኛ ሠልጥነው በሌላ ቋንቋ እንዲያስተምሩ መደረጉም የማይጣጣም አሠራር መሆኑን አመልክቷል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የላቲን ፊደል መሠረት ያለው ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ተመርጧል። በቁቤ የድምፅ ጥብቀት የሚታየው ተነባቢውን፣ የአናባቢ ርዝመት የሚታየው ደግሞ አናባቢውን በመድገም ነው። «በዳ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ማለት ነው። በጽሕፈት የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። እንዲሁም «ለፈ» መሬት፣ «ላፋ» ለስላሳ ይሆናል። እንግዲህ በጨርጨር ደጋ የሚኖር የአንደኛ ክፍል ተማሪ አገሩን «ደጋ» ብሎ ሊጽፍ አስቦ አንድ ፊደል ቢጥል «መጥፎ» ብሎ ጽፏል ማለት ነው።

ሕፃናት የሚሳሳቱት በጥብቀቱ ነው ወይስ በርዝመቱ? የቱ ስሕተት በሁለተኛ ክፍል ይጠፋል፣ የቱስ እስከ አራተኛ ክፍል ይከተላቸዋል? የትኛው አስቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል? ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራም ሆነ ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም፤ በሂርና ወይም በበዴሳ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን እየተመላለሰ የተማሪዎችን ደብተር የሚመለከትና የሚመዘግብ አሠልጣኝ ይበቃል። ይህን ጥያቄ በውጭ አገር የተጻፈ የንባብ ትምህርት መጽሐፍ አይመልስለትም። መልሱን ሊያገኝ የሚችለው በቦታው ያለው ምሁር ነው፤ ውጤቱም በአፋን ኦሮሞ ካልተጻፈ የሚሠራበት መምህር ሊያነበው አይችልም።

ከእርሻው ምን እንማራለን?

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ዞን በዳሮ ለቡ ወረዳ የመቻራ እርሻ ምርምር ማዕከል ይገኛል። የእርሻ ተመራማሪ አንድን ዘር በማዕከሉ መደብ ላይ ዘርቶ አያቆምም፤ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ይሞክረዋል፣ ገበሬውም አይቶ ይፈርዳል። የቀድሞው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከመሠረቱ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማዳረስን ሦስቱን አጣምሮ የተነሣ ተቋም ነበር። ለማሽላና ለቡና የተገባው ይህ ሥርዓት ለሕፃናት ንባብ ለምን አልተገባም? በጃፓንም መምህራን አንድን ትምህርት በኅብረት አዘጋጅተው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተመልክተው፣ በኋላ ተወያይተው የሚያሻሽሉበት የቆየ ልማድ አለ። በሁለቱም ምሳሌዎች ምርምሩ የሚፈተነው በሚሠራበት ቦታ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ አሠልጣኝ በእንግሊዝኛ ካልጻፈ ከዓለም ምሁራን ይለያል የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን የቀረበው ሐሳብ እንግሊዝኛውን መተው ሳይሆን፣ አንዱን ጥናት ለሁለት አንባቢ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜና የሸክም ነው፤ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው የበዛበት አሠልጣኝ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዙር ማለት ይከብዳል። ይህም ትክክል ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአሠልጣኙ ብቻ እንዳልሆነ ዕቅድ አውጪዎች ሊገነዘቡት ይገባል። የማዕረግ ዕድገት የሚመዘነው በመጽሔት በታተመ ጽሑፍ ከሆነና በትምህርት ቤት የዋለበት ቀን እንደ ሥራ ካልተቆጠረለት፣ አሠልጣኙ የሚያዋጣውን ቢመርጥ ሊፈረድበት አይገባም።

ምን ይደረግ?

1ኛ. የጥናት ርእስ ከትምህርት ቤት ይነሣ። በየጉድኝት ማዕከሉ የሚሰበሰቡ መምህራን በዓመቱ መጀመሪያ የከበዳቸውን ጥያቄ ለኮሌጁ ያቅርቡ። ቡና በሚለቀምበትና ጫት ለገበያ በሚቀርብበት ወቅት ልጆች ከትምህርት ገበታ ቢቀሩ ያመለጣቸው ትምህርት እንዴት እንደሚካካስ፣ ወይም አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ንባብን እንዴት እንደሚመዝን የመሳሰሉት ጥያቄዎች በቂ የምርምር ርእስ ናቸው።

2ኛ. ጥናቱ ሲያልቅ አጭር ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ይውጣ፤ በመምህራኑም ፊት ይነበብ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ጠይቋል። ከእነዚህ ሰዓታት ጥቂቶቹ ለዚህ ቢውሉ፣ ተሙማ ቅጽ የመሙላት ሥራ ነው የሚለው ቅሬታ በመጠኑ ይቀንስ ነበር።

3ኛ. አሠልጣኙ በየወሰነ ትምህርቱ ለተወሰኑ ቀናት በአንደኛ ደረጃ ክፍል ራሱ ያስተምር። ይህም ቀን ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት እንጂ በላዩ ላይ አይጨመርበት።

4ኛ. በማዕረግ ዕድገት መመዘኛ፣ መምህራን ተቀብለው የሠሩበት ጥናት በመጽሔት ከታተመው ጋር ተመጣጣኝ ነጥብ ይሰጠው።

ማጠቃለያ

ጨርጨር በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአስተዳደር ዘመን ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አገር ነበር። በመምህራን ትምህርትም ዳግመኛ ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ ኮሌጁም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ትምህርት ቤቶቹም ጎን ለጎን ይገኛሉና። ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደበት ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሥፍራ ነው፤ በዚያ ጉዳይ የሚቆመው በሕዝብ ፊት ተነግሮ መልስ ሲያገኝ ነው። የመምህራን አሠልጣኙም ምርምር እንደዚሁ ነው። ለማኅደር የተጻፈ ጥናት ጸሐፊውን ያስመሰክር ይሆናል፤ «ደጋ» ልጽፍ ብሎ «መጥፎ» ለጻፈው ሕፃን ግን የሚደርስለት፣ የእርሱ መምህር አንብቦ በማግስቱ ይዞት ወደ ክፍል የሚገባው ጥናት ብቻ ነው።