ከእግዜር ጋር መኳረፍ

መጽሐፉን ግሽ አባይ ድረስ ይዛልኝ የመጣችው የድሮ ተማሪዬ ናት። «ጋሼ፣ የልጆች መስሎዎት እንዳይተዉት» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ልተወው ነበር፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ክፍሌ ገብቶ አያውቅም። የኢራናዊቷ የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ነው፤ ከ2000 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ በአራት ቅጽ የወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቁርና በነጭ የተሣለ የራሷ የሕይወት ታሪክ።

ሴትየዋ እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም የ1962 ዓ.ም. ልጆች ነን። እሷ ቴህራን ላይ በዘጠኝ ዓመቷ አብዮት አየች። እኔ ቀደምኳት፤ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ታላቅ ወንድሜ አንድ ማታ ወጥቶ ሲቀር ስምንት ዓመቴ ነበር።

የመጽሐፏ ሕፃን ነቢይ መሆን ትፈልጋለች። ማታ ማታ ፂማሙ እግዜር አልጋዋ ድረስ እየመጣ ያወጋታል፤ ከማርክስም ጋር መልካቸው ይመሳሰልባታል። የማርክስ ፂም ከየአደባባዩ ቁልቁል ሲያየን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ ካልሣቅን የት ልንሥቅ ነው? አያቴማ ሥዕሉን መጀመሪያ ያየች ዕለት አማትባለች።

ኋላ የምትወደው አጎቷ አኖሽ ይገደላል። ልጅቷ እግዜርን ጮኻ ታባርረዋለች፤ ከዚያም በጥቁር ጠፈር ውስጥ ብቻዋን ትንሳፈፋለች። ይህን ገጽ «እምነቷን ያጣችበት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አልስማማም። ወንድሜ የቀረ ዓመት እናቴ ከኪዳነ ምሕረት ጋር ተኳርፋ ነበር እኮ! «ደጅሽን አልረግጥም» ብላ ቁጭ። ጎረቤት «ኧረ ተይ» ሲላት «እኔና እሷ እንተዋወቃለን» ትል ነበር። የማያምን ሰው ከማን ጋር ይኳረፋል?

ይኸው ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። የመቅደሱን ግድግዳ አዲስ ሆኜ አየሁት። ታሪክ በየሳጥኑ በተርታ ተሥሎ፣ ጽሑፍ ታክሎበት! ታዲያ የሥዕል ልቦለድ ሌላ ምን ነበር? ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይን። ማን ምን እንደሆነ መጠየቅ አያሻም። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ግድግዳውን ሞልቶታል። መከራው ሞልቷል፤ ግን አጠገቡ መልአክ ወይም እመቤታችን አይጠፉም። እናቴ የተኳረፈችበትን ዓመት የት ላይ ይሣሉት? ባዶ ቦታ የለማ! ያቺ ፋርሳዊት ግን ቦታ አላት። ጥቁር ቀለሟ የሄደውን እግዜር ያህል ሰፊ ነው። ቀለም ቢጨመርበት ያ ገጽ የልጆች የጠፈር ሥዕል ይሆን ነበር።

ነቀፋ የለኝም ማለት አይደለም። የአብዮት ጠባቂዎቿ ፂማቸውም ፊታቸውም አንድ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ለመለየት ብዙም አልደከመችም። በዚህ በዚህ ግድግዳው ይበልጣታል። ዑራ ላይ በላዔ ሰብእ አለ፤ ያን ሁሉ ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆምኩ። ወንድሜን የወሰዱት ሰዎችም ለአንድ የተጠማ ውኃ ሰጥተው ይሆናላ! ይህን ሳስብ ደስ አላለኝም፤ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት 16፣ እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ስትወጣ አየኋት።

«ታረቃችሁ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለችኝ። «ልወቅሳት ነው የምሄደው።»