የአንዲት ፊደል ጣጣ

«ግራ የሚያጋቡ የእንግሊዝኛ ቃላት» የሚባለውን ዝርዝር የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ገጹ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ አንዱ ቃል፣ በቀኝ መንትያው፣ ከሥር አንዲት የምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ መሸምደድ፣ መፈተን፣ መርሳት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዝርዝሩ ላይ ሂስ መስጠት ነው። የሚለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ቃሉን ወጥመድ አድርጎ ብቻ ያሳየናል። ወጥመድ የሚፈራ ሰው ደግሞ እግሩን እያየ ይሄዳል እንጂ አገሩን አያይም።

አስቀድመን የዝርዝሩን እውነት እንቀበል። «ዛን» በኤ ሲጻፍ ማነጻጸሪያ ነው፤ የኛን «ከ» ይመስላል። «ዘን» በኢ ሲጻፍ «ከዚያ በኋላ» ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ የእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ ጀግናው «እጄን ከምሰጥ ሞቴን እመርጣለሁ» እንዲል ፈልገን ፊደሏን ብንስት፣ «ሞቴን እመርጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጄን እሰጣለሁ» ብሎልን ቁጭ ይላል። ጀግንነቱ በአንዲት ፊደል ፈረሰ! ስለዚህ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም።

ዳሩ ግን እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ዝርዝሩ ይህን አይጠይቅም። «ዛን»ና «ዘን» ጥንት አንድ ቃል ነበሩ፤ አጻጻፋቸው ተለያይቶ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ነው። «ኦቭ»ና «ኦፍ»ም እንዲሁ አንድ ነበሩ፤ ጥንታዊ ትርጉማቸው «ከ» ወይም «ርቆ» ነበር። ተናጋሪው ጫን ብሎ ሲጠራው «ኦፍ» ሆነና የመራቅን ትርጉም ይዞ ቀረ። ለዘብ አድርጎ ሲያልፈው «ኦቭ» ሆነና የኛን «የ» ሥራ ተረከበ። «ቱ»ም በአንድ ኦ «ወደ»፣ በሁለት ኦ «ደግሞ» ወይም «ከመጠን በላይ» ከመሆኑ በፊት አንድ ቃል ነበር። እንግዲህ ዛሬ ቀይ እስክሪፕቶ የሚያስመዝዘው ፊደል የሰው ድምፅ የከፈለው መንገድ ምልክት ነው።

«ኢትስ»ንም እንመልከት። ዛሬ ያለ ጭረት «የእሱ»፣ ከጭረት ጋር «ነው» ማለት ነው፤ ይህን የሳተ ተማሪ ይሳቅበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1611 በወጣው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ እትም ውስጥ ቃሉ ጭራሹኑ የለም። በ1623 በታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ጥራዝ ውስጥ ደግሞ «የእሱ» ለማለት ከነጭረቱ ተጽፎ ይገኛል። ደንቡ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ቀስ በቀስ የተስማሙበት ነው። እንጠብቀው፤ ግን አናምልከው።

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው ባለቅኔው ቃላቱን ሲይዛቸው ነው። ለዝርዝሩ «ሰን» በዩ ፀሐይ፣ «ሰን» በኦ ወንድ ልጅ ነው፤ ጨዋታው እዚያው አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1631 ያረፈው እንግሊዛዊው ቄስና ገጣሚ ጆን ደን ግን ለእግዚአብሔር አብ በጻፈው መዝሙር መጨረሻ፣ በሞቱ ሰዓት እንዲያበራለት የሚለምነው ወልድን ነው፤ ጆሮ ግን ፀሐይንም ይሰማል። የገዛ ስሙም «ተፈጸመ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ በመሆኑ፣ በየአንጓው ስለ ኃጢአቱ ሥርየት ሲናገር ስለ ራሱም ይናገራል። ለቅኔ ቤት ተማሪ ይሄ ምኑ ይገርማል? ኅብር ነዋ! ፀሐዩ ሰም፣ ወልድ ወርቅ።

ይህን መዝሙር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ልጅህ» ብሎ ቢያልፍ ወርቁን አገኘ፣ ሰሙን ጣለ። በእኔ አስተያየት መውጫ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስን «ፀሐየ ጽድቅ» ትለዋለች። ብርሃኑም ወልድም በአንድ ስም ይገባሉ። ይህን የሚያገኝ ተርጓሚ ግን ሁለቱን «ሰን» አብሮ የሰማ እንጂ በሁለት ዓምድ ለያይቶ የሸመደደ አይደለም።

እኛ ደግሞ ለዚህ ጆሮ እንግዳ አይደለንም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና»ም ሲላላ ውኃ ውስጥ ያስገባናል፣ ሲጠብቅ አለቃ ያደርገናል። እንግሊዞች በፊደል የለዩትን እኛ በጆሮና በዐረፍተ ነገሩ አካሄድ እንለየዋለን። ታዲያ ይህን የምናውቅ ሰዎች በእንግሊዝኛ መንትያ ቃላት ፊት ለምን እንደ ፈሪ እንቆማለን?

ጉዳቱ ከፈተና ያልፋል። የጓደኛችን ጽሑፍ በእጃችን ሲገባ ሐሳቡን ሳናነብ «እዚህ ጋ በኤ ነበር» ብለን እንመልስለታለን። ይህ እርማት ነው፤ ሂስ ግን አይደለም። በዚህ ዓይነት ስንቱ ጥሩ ነገር የነበረው ልጅ ብዕሩን አስቀምጧል! ፊደሉ ይታረም፤ መታረምም አለበት። ብቻ መጀመሪያ ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ እንስማ፣ ሐሳቡን እንሟገተው፣ ፊደሏን በመጨረሻ እናንሳለት። ዝርዝሩንም አንቅደደው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አጠገብ «እነዚህን ማን ለያቸው? ለምን?» የሚል ሦስተኛ ዓምድ እናስምርበት።