ሴኮስ ኢ ሞልያዶስና የብራዚል ወጣቶች

«ደረቅና እርጥብ» ማለት በብራዚል ጥንታዊ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የሚጠራበት ስም ነው። ሦስት ሙዚቀኞች ይህንኑ ለቡድናቸው መጠሪያ አድርገው በ1973 (በፈረንጆች አቈጣጠር) የመጀመሪያውን ሸክላ አወጡ፤ በነሐሴ 1974 ተለያዩ። በሸክላው ሽፋን ላይ የሙዚቀኞቹ ራሶች እንደ ምግብ በገበታ ቀርበው ይታያሉ።

ስለ ቡድኑ የጻፉ ብዙዎች የወጣቱን ፍቅር ሁሉ ከኔይ ማቶግሮሶ የተቀባ ፊት፥ ከተራቈተ ደረቱና ከቀጭን ድምፁ ያመጡታል። ከ1964 ጀምሮ ወታደሮች በሚገዙት፥ ከ1968 መጨረሻ ወዲህም ሳንሱር በጠበቀበት አገር፥ ወንድ እንዲህ ሆኖ በቴሌቪዥን መታየቱ በእርግጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ይህ አስተያየት የነገሩን ግማሽ ይተወዋል። ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ግላም ሮክ ከተባለው የእንግሊዝ ፋሽን የተቀዳ ነው ተብሎ በቀረ ነበር።

«ኦ ቪራ» የተሰኘውን ዘፈናቸውን መመልከት ይበቃል። ቪራ የፖርቱጋል ባላገሮች ጭፈራ ነው፤ የዜማው ደራሲ ዥዋው ሪካርዶም ተወላጅነቱ ከዚያው ከፖርቱጋል ነው። ቃሉ ግን ደግሞ «ይዞራል፥ ይለወጣል» ማለት ስለ ሆነ፥ ሰው ወደ ተኵላነት የሚለወጥበት ተረት ከጭፈራው ጋር በአንድ ቃል ይገናኛል። በዘፈኑ ውስጥ ባለ አንድ እግሩ ሳሲም አለ፤ ሳሲን የማያውቅ የብራዚል ሕፃን የለም። እንግዲህ በመድረኩ ላይ ወንዱ መልኩን ሲለውጥ፥ ለተመልካቹ እንግዳ የሆነው ልብሱ እንጂ መለወጡ አልነበረም። ከቡድኑ ወዳጆች መካከል ሕፃናት የበዙትም ስለዚህ ይመስላል።