ሥቃይ ተራ ይጠብቃልን?

በነርስ ትምህርት የተለመደው ደንብ ትንፋሽን መጀመሪያ፣ የደም ዝውውርን ቀጥሎ፣ ሥቃይን ግን ወደ ኋላ ያስቀምጣል። ደንቡ በጠቅላላው መልካም ነው፤ የሲክል ሴል በሽታ ለተነሣበት ሰው ግን ያለ ማስተዋል ከተያዘ የሚጎዳ ይመስለኛል።

በዚህ በሽታ ቀይ የደም ሕዋሶች እንደ ማጭድ እየጎበጡ ቀጭኑን የደም ሥር ይደፍናሉ፤ ሥቃዩም ከዚህ ይመነጫል። ደረቱን የሚያመው ሰው በጥልቅ አይተነፍስም፤ በደንብ ያልተነፈሰ ሳንባ ደግሞ ለባሰ አደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ሥቃይን ማስታገስ ትንፋሽንም መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የእንግሊዝ አገር መመሪያ ማስታገሻው ሕመምተኛው በደረሰ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ ማለቱ በከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህንኑ መመሪያ ሳይመረምሩ መቅዳት አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን 95 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጥ ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ግን የጤነኛ ሰው ልክ እንኳ ዝቅ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ያሰጋል፤ አንደኛው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሰውየውን መርሳት፣ ሁለተኛው «የደጋ አየር ነው» ብሎ ቁጥሩን መናቅ ነው። የኦክስጅን ማነስ ራሱ ሕዋሱን ያጎብጣልና ሁለተኛው ይብሳል።

በሽታው በደጋው ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከቆላ የመጡ ተማሪዎችንም ይቀበላል። እንግዲህ ነርሷ የሕመምተኛውን ቃል አምና፣ ትንፋሹንና ትኩሳቱን እያየች፣ ሐኪሙን ጠርታ ማስታገሻውን ታፋጥን፤ ፈሳሹን ታስከትል፤ ሥቃዩ እስኪበርድም በየግማሽ ሰዓቱ ተመልሳ ትጠይቀው።